ያልጻፍነው ቃል ገጻችንን ሲጠራው

አዳማ ውስጥ ድረ ገጽ ከከፈቱ ነጋዴዎች መካከል ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ግርታ አለ። የሰርግ አዳራሽ የሚያከራየው፣ ብረታ ብረት የሚሠራው፣ የግል ኮሌጅ የከፈተው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል፦ ገጹ ላይ ያልተጻፈ፣ ባለቤቱም አስቦት የማያውቅ ቃል ጎግል ላይ ሲፈለግ ያው ገጽ ብቅ ይላል። በአንጻሩ ታስቦበትና ተለፍቶበት የተጻፈው ቃል ሲፈለግ ገጹ አይገኝም።

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ነው። አንዳንዱ የማሽን ስህተት ነው ይላል። ሌላው ስልካችን ወሬያችንን እየሰማ ነው ብሎ ይጠረጥራል። በጣም የተስፋፋውና ኪስ የሚጎዳው ግን ሦስተኛው ነው፤ ድረ ገጽን በፍለጋ ከፍ እናደርጋለን ከሚሉ ሰዎች «ገጽዎ በ500 ቃላት ጎግል ላይ ወጥቷል» የሚል ሠንጠረዥ ቀርቦ ክፍያ ይጠየቃል፣ ባለቤቱም ቁጥሩን አይቶ ሥራው የተሳካ ይመስለዋል። ሦስቱም ነገሩን አያስረዱም። አንድ ገጽ ባልታለመ ቃል የሚወጣበት ምክንያት የሚታወቅ ነው። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ከእንግሊዝኛው የተለየ መልክ ይይዛል።

ሠንጠረዡ የሚናገረውና የማይናገረው

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዳማ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ አለ እንበል። «የብረት በርና መስኮት ዋጋ በአዳማ» በሚል ርዕስ አንድ ረዘም ያለ ገጽ ጽፏል። ይህ ርዕስ የታለመው ቁልፍ ቃል ነው፤ ቁልፍ ቃል ወይም ኪወርድ የሚባለው ፈላጊው በሳጥኑ ውስጥ የሚጽፈው ቃል ወይም ሐረግ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ባለቤቱ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚያቀርበውን ሰርች ኮንሶል የተባለ መሣሪያ ይከፍታል። ሠንጠረዡ ላይ ያልጠበቃቸው ፍለጋዎች ተደርድረዋል፦ «ናዝሬት ብየዳ»፣ «የግቢ በር ዲዛይን»፣ «የላሜራ ዋጋ ዛሬ»፣ «ፌሮ 12 ዋጋ»፣ «አሉሚኒየም መስኮት»።

ከየፍለጋው አጠገብ ያሉት ቁጥሮች በጥንቃቄ ካልተነበቡ ያሳስታሉ። ኢምፕሬሽን የሚባለው ገጹ በውጤት ዝርዝር ውስጥ የታየበት ብዛት ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ «መታየት» ማለት ዓይን አረፈበት ማለት አይደለም፤ ውጤቱ በተከፈተው የዝርዝር ገጽ ላይ እስካለ ድረስ ፈላጊው እስከዚያ ባይወርድም ይቆጠራል። ክሊክ ግን ሰው ተጭኖ የገባበት ነው። አንድ ገጽ 4,000 ኢምፕሬሽንና 12 ክሊክ ካገኘ ከሺህ ሦስት ሰው ገባ ማለት ነው። «በ500 ቃላት ወጥቷል» የሚለው ወሬ የሚያርፈው በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው። ደንበኛ የሚመጣው ግን ከሁለተኛው ነው።

አማካይ ደረጃ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ገጹ በአንድ ፍለጋ 3ኛ፣ በሌላ ፍለጋ 57ኛ ሆኖ ቢወጣ አማካዩ 30 ይሆናል። በ30ኛ ደረጃ ግን ማንም አላየውም። በዚያ ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ የጠየቋቸው ፍለጋዎች የጠያቂው ማንነት እንዳይጋለጥ ተብሎ በሠንጠረዡ ላይ አይዘረዘሩም። የአማርኛ ፍለጋ በጥቅሉ አነስተኛ ስለሆነና በብዙ አጻጻፍ ስለሚበታተን፣ አማርኛ ገጽ ያለው ሰው ከእውነተኛዎቹ ጥያቄዎች ከፊሉን ፈጽሞ ላያያቸው ይችላል።

ማሽኑ የሚያነበው ርዕሱን ብቻ አይደለም

የፍለጋ ሞተር በጥያቄው ሰዓት ኢንተርኔቱን አያስስም። አስቀድሞ ገጾችን ዞሮ ያነብና ኢንዴክስ የሚባል ግዙፍ ማውጫ ያዘጋጃል። ማውጫው በመጻሕፍት መጨረሻ ከምናየው የቃላት ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል፤ ከእያንዳንዱ ቃል ፊት ቃሉ የሚገኝባቸው ገጾች ተመዝግበዋል። የወርክሾፑ ገጽ «በር» በሚለው ቃል ሥር ይገባል፤ «ላሜራ» እና «ቱቦላሬ» በሚሉትም ሥር ይገባል። ባለቤቱ በመጨረሻው አንቀጽ «ወንጂ ድረስ እናደርሳለን» ብሎ ከጻፈ በ«ወንጂ» ሥርም ይገባል። እነዚህ ቃላት እርስ በርሳቸው ሲጣመሩ የሚፈጠሩት ሐረጎች ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሊዘረዝራቸው ከሚችለው በላይ ናቸው። «ወንጂ የብረት በር» ብሎ የፈለገ ሰው ገጹን ማግኘቱ አያስደንቅም። ጎግል በየቀኑ ከሚቀርቡለት ፍለጋዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ መሆናቸውን ደጋግሞ ተናግሯል። ለእነዚያ አስቀድሞ ማለም የሚችል ጸሐፊ የለም።

ይህ ግን ገጹ ላይ ስላሉት ቃላት ብቻ ነው። ገጹ ላይ በሌለ ቃል መውጣቱስ? እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሠራሉ።

አንደኛው ትርጉም ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2013 ሀሚንግበርድ፣ በ2015 ራንክብሬን፣ በ2019 ደግሞ በርት የተባሉ አሠራሮችን ሲጨምር ፍለጋው ቃልን ከቃል ከማመሳከር ወደ ሐሳብ ማመሳከር እየተሸጋገረ መጣ። በርት በ2019 መጨረሻ ከ70 በላይ ለሆኑ ቋንቋዎች ሲዘረጋ አማርኛም ከእነሱ መካከል ነበር። ስለዚህ ገጹ «ብየዳ» የሚለውን ቃል ባይዝም «በር»፣ «ላሜራ»፣ «ወርክሾፕ» የሚሉት አብረው ከተገኙ ማሽኑ ነገሩ የበያጅ ሥራ መሆኑን ሊገምት ይችላል። በ2020 ደግሞ ጎግል ከረጅም ገጽ ውስጥ አንዱን አንቀጽ ለብቻው መዝኖ ደረጃ የመስጠት አሠራር አስታወቀ፤ በ2021 መጀመሪያ በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ሥራ ላይ አዋለው። ስለ በር ዋጋ በሚያወራ ገጽ መሐል የተሸጎጠ፣ ብረት እንዳይዝግ የሚቀባውን ቀለም የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ዝገትን ለሚጠይቅ ሰው ገጹን ሊያወጣው የሚችለው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ሌሎች ስለ ገጹ የሚሉት ነው። የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቁት ሐሳብ፣ ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ አንድ ገጽ የሚመራ ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጠራል የሚል ነበር። ምስክርነቱ ቃልም አለው፤ ሊንኩ የተቀመጠበት ሐረግ የገጹ መጠሪያ ሆኖ ይመዘገባል። ይህ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በ2003 ታየ። ብዙ ሰዎች ተስማምተው «አሳዛኝ ውድቀት» የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የሕይወት ታሪክ ገጽ ጋር በሊንክ አያያዙት፤ ሐረጉን የሚፈልግ ሰው ሁሉ የዋይት ሀውስን ገጽ በአናት ያገኝ ጀመር። ሐረጉ ገጹ ላይ አንድም ቦታ አልነበረም። ጎግል አሠራሩን አስተካክሎ ይህን ያለዘበው በ2007 ነው። የወርክሾፑ ደንበኛም ሥራውን አይቶ በራሱ ገጽ ላይ «ናዝሬት ያለው ጎበዝ በያጅ» ብሎ ሊንክ ቢያስቀምጥ፣ ባለቤቱ ያልጻፈው ስም ገጹን ይከተለዋል።

አዳማ፣ ናዝሬት፣ እና «አዳማ ከተማ»

የአዳማ ነጋዴ ከማንም በላይ ይህን ጉዳይ ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛል፤ ከተማዋ ራሷ ሁለት ቁልፍ ቃል ናትና። ስሟ በይፋ ወደ አዳማ ከተመለሰ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ መናኸሪያ ላይ ግን ረዳቱ ዛሬም «ናዝሬት፣ ናዝሬት» ብሎ ሲጣራ ይሰማል። በአፍ የለመደው በጣትም ይመጣል፤ አንዱ «አዳማ ሆቴል» ብሎ ሲፈልግ ሌላው «ናዝሬት ሆቴል» ይላል። ገጹ ላይ አንዱን ስም ብቻ የጻፈ ሰው በሌላኛው ስም የሚወጣው ማሽኑ ሁለቱ አንድ ቦታ መሆናቸውን ከካርታ፣ ከሌሎች ገጾችና ከሰዎች የፍለጋ ልማድ ስለሚማር ነው። ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም፤ ናዝሬት የገሊላዋም ናዝሬት ናትና። የመንፈሳዊ ጉዞ ገጽና የአዳማ ማረፊያ ቤት ገጽ በአንድ ቃል ሥር መጋፋታቸው አይቀርም።

ሌላው ስም ደግሞ የራሱ መደናገር አለበት። «አዳማ ከተማ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የከተማውን አስተዳደር ይሻል ወይስ የእግር ኳስ ክለቡን ውጤት? ሐረጉ አንድ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ስሙ የጋምቢያውን ፕሬዚዳንት አዳማ ባሮንና የስፔኑን ተጫዋች አዳማ ትራኦሬን ይጨምራል። ስለዚህ የአዳማ ገጽ ኳስ በሚጠይቅ ፍለጋ ቢወጣ የሚገርም አይደለም፤ ኢምፕሬሽኑ ሰማይ ይነካል፣ ክሊኩ ግን ባዶ ይሆናል። ሠንጠረዡ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲታይ ከሒሳቡ ማውጣት ነው።

ፊደላችን የሚጨምረው

ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ምክር የማይነካው አንድ ነገር አለ። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ያለው የተለየ ምልክት ነው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚመዘገቡበት መስፈርት ወደ ዩኒኮድ ሲገባ የተመዘገበው በዚህ መልክ ነው። «የፀሐይ ኃይል» የሚለውን ሐረግ እንውሰድ። በ«ፀሐይ» ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ መካከለኛው ደግሞ ግዕዙና ራብዑ በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ብቻ 12 ነው። «ኃይል» ስድስት አለው። ሐረጉ በጠቅላላ 72 አጻጻፍ ይኖረዋል፣ ሁሉም ሲነበቡ አንድ ናቸው። አብዛኞቹን ማንም አይጽፋቸውም፤ ሰው በልማድ የሚጽፋቸው አምስት ስድስቱ ብቻ ቢሆኑ እንኳ አንዱ ጥያቄ አምስት ስድስት ቦታ ተከፋፈለ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ቃሉ የሚለብሰው ቅጥያ አለ። «በር» የሚለው ቃል በጽሑፍ ውስጥ «በሩ»፣ «የበሩ»፣ «ከበሮቹ»፣ «ለበራችን» እየሆነ ይመጣል። ይባስ ብሎ «ከበሮ» ራሱን የቻለ ሌላ ቃል ነው። በልምድ የሚያነብ ሰው አይቸገርም፤ ማሽን ግን ሥሩን ለይቶ ማውጣትን መማር አለበት። ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ የሚያነበው ግን በግዕዝ ነው። አዳማ ላይ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። በአንድ ጎዳና ላይ ያለ አንድ ወርክሾፕ በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል ይፈለጋል።

እንግዲህ በእንግሊዝኛ «ያልታለመ ቃል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሐሳብ ነው፤ በአማርኛ ግን ያው ሐሳብ በሌላ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ ሠንጠረዡን ማንበብ ባለቤቱ አዲስ ፍላጎት የተገኘ አስመስሎ ያሳየዋል።

ጽሑፍ በሚያንስበት ቋንቋ

በአማርኛ አንድ ገጽ ሳይታሰብ የመጀመሪያውን ደረጃ የሚይዝበት ዋናው ምክንያት ከሁሉም በላይ ቀላል ነው፤ ሌላ የለም። ስለ ብረት በር ጥገና በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ማሽኑ እልፍ ገጽ ያማርጣል። በአማርኛ ሲጠየቅ በትክክል የሚመልስ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ማሽኑ ባዶ እጁን ከሚቀር ለጥያቄው የሚቀርበውን ያነሣል። ከወንዙ ማዶ ሰው ሲታጣ በአጠገብ ያለው ይጠራል እንደማለት ነው። እንዲህ የተገኘ ደረጃ የገጹን ጥራት አይመሰክርም፤ ባዶ ቦታ መኖሩን እንጂ።

የሰዎች ልማድም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ መንግሥትና በጎግል መካከል በነበረው የገበያ የበላይነት ክርክር ላይ የጎግል የፍለጋ ክፍል ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ፓንዱ ናያክ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰጡት ምስክርነት፣ ናቭቡስት የሚባል አሠራር የ13 ወር የክሊክ መረጃ እንደሚጠቀም ገልጸዋል። ሰዎች አንድ ቃል ፈልገው የትኛውን ገጽ እንደከፈቱ ይመዘገባል፣ ያም ወደ ደረጃው ይመለሳል ማለት ነው። ብዙ ሺህ ሰው በሚፈልገው ቃል ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው። በወር ሰባት ሰው በሚፈልገው የአማርኛ ሐረግ ግን ማስረጃው ቀጭን ይሆናል፣ ደረጃውም ዛሬ 4፣ በሳምንቱ 26 እየሆነ ይዋልላል። ለአንድ ሳምንት ከፍታ ገንዘብ የከፈለ ሰው የገዛው ይህን መዋለል ነው።

ማለም ይቅር ወይስ አይቅር

ገጾችን በፍለጋ ውጤት ከፍ የማድረግ ሙያ ውስጥ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ይጻፍ፣ ያልታለመ ቃል የዕድል ጉዳይ ነው ይላል። ሁለተኛው የቁልፍ ቃል ዘመን አልፏል፣ ርዕሰ ጉዳዩን በሚገባ የጻፈ ሰው ቃሉ ራሱ ይመጣለታል ይላል። የሁለተኛው ወገን ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ማሽኑ ወደ ትርጉም መሄዱ ለእሱ ይመሰክራል። ለአማርኛ ግን እንዳለ የሚወሰድ አይመስለኝም። ማሽኑ «አዳማ»ን ከ«ናዝሬት»፣ «ሠርግ»ን ከ«ሰርግ» ያገናኛል ብሎ መተማመን ብዙ ጽሑፍ ባለበት ቋንቋ ይሠራል፤ እዚህ ማገዝ ያስፈልጋል። «አዳማ፣ በብዙዎች አጠራር ናዝሬት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ለአንባቢም የሚጠቅም፣ ለማሽኑም የሚበቃ እገዛ ነው።

እገዛው ሲበዛ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በገጹ ግርጌ የፊደል ልዩነቶችን ሁሉ፣ የአጎራባች ከተሞችን ሁሉ መደርደር በጎግል መመሪያ ቃል መጠቅጠቅ ተብሎ የሚከለከል ድርጊት ነው። በገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ የሚጻፈው የቁልፍ ቃላት ዝርዝርም ለድረ ገጽ ደረጃ እንደማያገለግል ጎግል በ2009 አስታውቋል፤ ያም ሆኖ ዛሬም ለዚያ ዝርዝር ዋጋ የሚጠየቅበት ቦታ አለ።

2016 የትኛው ነው

ያልታለመ ቃል ሁልጊዜ ሲሳይ አይደለም፤ አንባቢን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። አንድ ኮሌጅ «የ2016 ምዝገባ ተጀመረ» ብሎ የጻፈውን ገጽ እናስብ። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ነው፣ በአውሮፓውያኑ 2023 እና 2024 መሆኑ ነው። ገጹ ግን የቱ የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። በአውሮፓ አቆጣጠር የ2016 መረጃ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል፤ ከዓመታት በኋላም ዓመቱን ሳይጠቅስ «አዳማ ኮሌጅ ምዝገባ» ያለ ወላጅ ያገኘዋል። አሮጌው ማስታወቂያ አዲስ መስሎ ሰውን ከመተሐራ ድረስ ያስመጣዋል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ አጭር ጽሑፍና የማብቂያ ቀን ቢኖሩ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የጤና ነገር ሲሆን ይብሳል። ክፍት የሆነበትን ሰዓት ብቻ ለማሳወቅ የተጻፈ የመድኃኒት ቤት ገጽ፣ በውስጡ የመድኃኒት ስሞች ስላሉ «ለልጅ ስንት ይሰጣል» ብሎ ለሚጠይቅ እናት ሊወጣላት ይችላል። ሌላ የአማርኛ መልስ ከሌለ የምታነበው እሱን ነው። ባለቤቱ ይህን ቃል በሠንጠረዡ ላይ ካየ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም፤ መጠኑን ባለሙያ ሳይጠይቁ እንዳይሰጡ የሚል ግልጽ መስመር በዚያው ገጽ ላይ ሊያስቀምጥ ይገባል።

ነገሩ ወደፊት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ጎግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ከውጤቶቹ በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጠናቀረ መልስ ማሳየት ጀመረ። በ2025 ባስተዋወቀው ኤአይ ሞድ ደግሞ አንድን ጥያቄ ወደ ብዙ ንዑሳን ጥያቄዎች በትኖ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ንዑሳኑን ጥያቄዎች የሚጽፋቸው ማሽኑ ነው። እስከ አሁን ጸሐፊው ያላለመው ቃል ነበር፤ አሁን ፈላጊውም ያልጻፈው ቃል ገጽን መጥራት ጀምሯል።

ወደ ወርክሾፑ ሠንጠረዥ ስንመለስ

አምስቱ ያልታሰቡ ፍለጋዎች አንድ ዓይነት ምላሽ አይገባቸውም። «ናዝሬት ብየዳ» ያው ደንበኛ በሌላ ስም ነው፤ ሁለቱን ቃላት በጽሑፉ ውስጥ በተገቢው ቦታ መጥቀስ ይበቃል። «የግቢ በር ዲዛይን» ያለ ሰው ማንበብ ሳይሆን ማየት ይፈልጋል፤ የተሠሩ በሮች ፎቶ ከነስፋታቸው ቢቀመጡ ክሊኩ ይጨምራል፤ ብዛቱ ካመዘነ የራሱ ገጽ ቢሠራለትም ያዋጣል። «የላሜራ ዋጋ ዛሬ» ከባዱ ነው፤ ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ወይ ቀኑን ጽፎ በየሳምንቱ ማደስ፣ ወይ ቁጥሩን ከገጹ ላይ ማንሣት ነው። ያለፈ ዓመት ዋጋ አይቶ የመጣ ደንበኛ በር ላይ ሲደርስ የሚፈጠረውን ጭቅጭቅ ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። «ፌሮ 12 ዋጋ» የግንባታ ዕቃ ሻጭ ጉዳይ ነው፣ ይለፍ። «አሉሚኒየም መስኮት»ን ወርክሾፑ የማይሠራ ከሆነ «አሉሚኒየም አንሠራም፤ የምንሠራው በላሜራና በቱቦላሬ ነው» የሚል አንድ መስመር ከላይ ይግባ፤ ከሞጆ ለመነሣት ያሰበ ሰው የትራንስፖርቱን ገንዘብ ይዞ ቤቱ ይቀመጣል።